ሱፍ ላይ ይለቃል

ጥቅምት 9

አክስቴ፣

ምንጣፉ ሲዘረጋ ቀዩ ወደ ነጩ ገብቶ ነበር። ባለመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አጎቴ ያን ጊዜ ዞር ብለው አዩኝና፣ የሚያዝኑልኝ በሚመስል ድምፅ፣ «የማጠቢያውን ዕቃ የመረጠችው እሷ ናት፤ ተምራለች ብዬ የዕቃውን ቁም ሣጥን ቁልፍ አምኜ ሰጠኋት» አሏት። ልጃቸው አጠገባቸው ቆሞ ጥፍሩን ያይ ነበር።

ሰላምታ ሳላስቀድም ወደ ነገር በመግባቴ አትቀየሚኝ። ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ የሚያንበረክክሽ የምታጥቢው ወለል ብቻ ይሁን፣ ሕመምና ሐዘን አያንበርክኩሽ። እኔ በጤናዬ አለሁ፤ ያመመኝ ሌላ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩ ያለው አጎቴ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ ነው። ወረቀት ላይ ማንም አያቋርጠኝም።

ከሥሩ ልንገርሽ። ምንጣፉ የሴትዮዋ የሟች እናቷ ነው። ቀይ ሱፍ፣ ዳር ዳሩን ነጭ ሐረግ የዞረበት፣ የሠራው እጅ ይባረክ የሚያሰኝ። ስትሰጠኝ «እናቴ በጫማ አታስረግጠንም ነበር» አለችኝ። አንቺ እንዳስተማርሽኝ ጥጉን ገልብጬ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርጌ ያዝኩት። ጨርቁ ሮዝ ሆኖ ተነሣ። ስለዚህ መረጥኩ፦ ለስላሳውን የሱፍ ሻምፑ፣ እሱንም አረፋውን ብቻ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በእጅ። ከዚያ ለአጎቴ ልጅ እስክመለስ እንዳይነካው ነገርኩት። ታውቂዋለሽ፣ ቄንጠኛው የምንለው፣ ውሃ በሚንቦራጨቅበት ቤት ነጭ ጫማ አድርጎ የሚውለው።

«አንቺ ደግሞ ምንጣፍ እንደ ሕፃን ነው የምታጥቢው» አለኝ።

«ሕፃን ቢሆን ያለቅስና ትደርስለት ነበር፤ ምንጣፍ ግን ዝም ብሎ ነው የሚበላሽብህ» አልኩትና ሄድኩ።

የሄድኩት ወንበሩ ሥር ወተት ወደ ፈሰሰበት ታክሲ ነበር። ሾፌሩ ሽቶ እየረጨ ሰንብቶ፣ ወተቱና ሽቶው ተጋብተው ሦስተኛ ሽታ ወልደው ጠበቁኝ። አንቺ ከባሕር ማዶ የላክሽውን ኢንዛይም ያለበትን ጠርሙስ አፈሰስኩበት፤ ቶሎ እንዳይደርቅ እርጥብ ጨርቅ አልብሼ ጊዜ ሰጠሁት። ያ ጠርሙስ ሽታን አይሸፍንም፣ ይበላዋል። ሾፌሩ በኋላ ጭንቅላቱን ወንበሩ ሥር ቀብሮ አየሩን እየሳበ ሲያሸት ብታዪው፣ ሙያሽን አሁን ከምትወጂው በላይ ትወጂው ነበር።

በኩራት ስመለስ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። «ጨረስኩልሽ» አለኝ ቄንጠኛው። ገልጬ ላየው ስል ሴትዮዋ ከበር ገባች፤ አጎቴም «ዘርጉላት» አሉ። የቀረውን አውቀሽዋል። ለመኪና ወንበር የምንጠቀምበትን ኃይለኛ ዱቄት በሙቅ ውሃ በጥብጦ ነክሮት ኖሯል። ሲነክር አጎቴ ቆመው አይተዋል፤ በኋላ ራሱ ነገረኝ።

ሴትዮዋ ምንጣፉን ትታ ዕንባዋን ይዛ ከሄደች በኋላ፣ «አጎቴ፣ እኔ እንዳልሆንኩ ያውቃሉ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። አልካዱም እኮ፣ አክስቴ። «ግን ነገ ይህን እጥበት ቤት የሚረከበው እሱ ነው። ምንጣፍ አበላሸ ከተባለ ማን ያምነዋል? አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ስምሽ ቢጎድፍ ሌላ ቦታ ሄደሽ ሌላ ስም ታወጪያለሽ። ደግሞም ያሳደገሽ ቤት ነው። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ። ዳዋው ምን እንደሚሰማው የነገረኝ ግን አልነበረም።

ቁልፉን ከአንገቴ አስወልቀው ለልጃቸው ሰጡት። አሁን ሥራዬ በሚሰጠኝ ዕቃ ሶፋ መቦረሽ ነው። ኬሚስትሪ ተምሬ እዚህ የገባሁት ሥራ አጥቼ አለመሆኑን አንቺ ታውቂያለሽ። አንቺ የምትልኪያቸውን ጠርሙሶች ጀርባ እያነበብኩ ነው ያደግሁት። ይህ ለየትኛው ክር ይሆናል፣ የትኛውን ያቆስላል፣ የትኛው ቆሻሻ ላይ ይዘምታል፣ ይህን መወሰን ደስ ይለኛል። የወሰዱብኝ እሱን ነው።

ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። ነጩ ውስጥ የገባውን ቀይ ምን እንደሚያወጣው ጻፊልኝ። ሁለተኛው፣ ወንድምሽ አንቺን ይሰማሉ፤ ለሴትዮዋ እውነቱን እንዲነግሯት ንገሪልኝ።

ያንቺው
የእህትሽ ልጅ


ኅዳር 11

ለእሾኼ፣

የነካሽው ይጥራልሽ፤ የመረጥሽው ይስመርልሽ። እናትሽ ነፍሷን ይማረውና «የሚዋጋው አፏ ነው፣ እጇ ለስላሳ ነው» ትልሽ ነበር። እንደምን ሰነበትሽልኝ? የዘገየሁት ጠልቼሽ አይደለም። እዚህ ጭቃው ገብቷል፤ ጭቃ ሲገባ ደግሞ ሰው ሁሉ መኪናው ወለል እንዳላት ትዝ ይለዋል።

ወደ ምንጣፉ። አይዞሽ፣ አልመሸብሽም። ሙቅ ውሃ አታሳዪው፣ ፀሐይም አታሳዪው፤ ሙቀት ቀለሙን ነጩ ላይ ያጸናዋል። ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጥቂት አቼቶ ጠብ አድርጊበት። ነጩን አቼቶ ነው የምልሽ፣ ቀለም ያለውን አይደለም። ሱፍ ኮምጣጣ ይወዳል፤ የራሱን ቀለም ጨብጦ እንዲይዝ ያግዘዋል። ነጭ ፎጣ ተጫኚ፣ አንሺ፣ ፎጣውን ለውጠሽ ደግሞ ተጫኚ። እንዳትፈትጊ። እድፍን የሚያሳድገው የሚፈትግ ሰው ነው። በየመሀሉ ውሃውን በማሽን ምጠጪው፤ ሲያልቅ ከወለል ከፍ አድርገሽ በቬንትሌተር አድርቂው። ፓኬት ልኬልሻለሁ፣ በአንቺው ስም ነው። ውስጡ የሸሸ ቀለም የሚይዝ ጨርቅ አለ። እርጥቡ ላይ አንጥፊው፤ ቀዩን ጠጥቶ ይነሣል።

አሁን ደግሞ ነገሬን ልቀጥል፣ እኔ መቼም ስለ ዕቃ ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም። ስትመርጪ ምንጣፉን ጠይቂ እንጂ ጠርሙሱን አትጠይቂ። ጠርሙስ ሁሉ ራሱን ያሞግሳል፤ ሁሉም ፊቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ኮከብ አለበት። ጀርባውን ገልብጪውና ምን እንዳያደርጉበት እንደሚለምን አንብቢ፤ እውነቱን የሚናገረው እዚያ ነው። ብዙ አረፋም አያታልልሽ። ታጥቦ ያልወጣ ሳሙና ከነገ ወዲያ ቆሻሻውን ጠርቶ ያመጣል፤ «ባጠብኩት ማግስት ባሰበት» የሚሉሽ ሰዎች ያጠቡት እውነት ነው፣ ያላለቀለቁት ነው የባሰው። የመኪና ወንበር ደግሞ ከላይ ጨርቅ ከሥር ስፖንጅ ነው። ብታጥለቀልቂው ከላይ ይደርቅልሽና ከሥር ሰንብቶ ይሸታል። ጥቂት ዕቃ፣ ጥቂት ውሃ፣ ብዙ መምጠጥ።

ባለፈው አንድ ደንበኛዬ መኪናው ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ አቼቶ እያፈሰሰ ደረስኩበት።

«ሲፈላ አየሽው?» አለኝ እንደ ሕፃን እየተደሰተ።

«አየሁት» አልኩት። «ሁለቱ ተጣልተው ሲገዳደሉ ነው። የቀረልህ ጨዋማ ውሃ ነው።»

ለየብቻቸው ግን ሁለቱም ደጋጎች ናቸው። ሶዳውን ደረቅ ምንጣፍ ላይ ነስንሰሽ አሳድረሽ ብትጠርጊው ሽታ ይወስድልሻል። አቼቶን በረኪና ባለበት ክፍል እንዳታሳልፊው ብቻ፤ ሲገናኙ የሚያወጡት አየር ሳንባ ያቃጥላል። በረኪናማ ሱፍ ዘንድ ጭራሽ አይድረስ፣ ክሩን ራሱን ነው የሚበላው።

ነጩ ከጠራ ፎቶ ላኪልኝ። አጎትሽ ወንድምዓለም ደውሎ ነበር። ጉልበቱን እንደሚያመው ነገረኝ። ብዙ አወራን።

አክስትሽ


ኅዳር 30

አክስቴ፣

እጅሽ አይዛል፤ ያንኳኳሽው በር ሁሉ ይከፈትልሽ።

ነጩ ጠራ። ፎቶው አብሮ አለልሽ። ሙሉ በሙሉ ግን አልልሽም። ጥጉ ላይ አንዲት ቅጠል እንዳፈረች ልጃገረድ ጉንጯ ቀልቶ ቀርታለች። የቀረው የምንጣፉ ክፍል ግን መጀመሪያ ወደ እኛ ሲመጣ ከነበረው ይሻላል። ግቢ ውስጥ ሁለት ሰንዱቅ ላይ አጋድሜው አንቺ ያልሽውን በሙሉ፣ ባልሽው ተራ አደረግሁ። ፎጣውን ባነሣሁ ቁጥር ቀዩ ፎጣው ላይ ነው። የላክሽልኝ ጨርቅ ሮዝ ሆኖ ሲነሣ ለብቻዬ ሣቅሁ። አንቺ ባሕር ማዶ ሆነሽ እጅሽ እዚህ ግቢ ውስጥ ሲሠራ አየሁት። የዩኒቨርሲቲ መምህሮቼ አሲድ ፕሮቲን ላይ ምን እንደሚያደርግ አስተምረውኛል፤ «ሱፍ ኮምጣጣ ይወዳል» ብሎ በሦስት ቃል የነገረኝ ግን አልነበረም። ሁለቱንም ስላወቅሁ እኮራለሁ፣ የእነሱንም ያንቺንም።

ሴትዮዋ መጣች። ጎንበስ ብላ በመዳፏ ዳሰሰችው። ስትነሣ አጎቴ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና፣ «ያበላሸችውን ራሷ አስተካከለችልዎ። ጎበዝ ናት፣ ልጅነት ነው እንጂ» አሏት።

«በርቺ። ሰው ከስህተቱ ነው የሚማረው» አለችኝ ሴትዮዋ። በቅንነት ነው ያለችው፤ እሱ ነው የባሰው። አመሰግናለሁ አልኩ፣ አክስቴ። አፌ አመሰግናለሁ አለ። እስካሁን ምላሴን ልነክሰው እፈልጋለሁ።

ከዚያ ወዲያ ያ ወተት የፈሰሰበት ሾፌር ለሌላ ሥራ መጣና ዓይኔን ሳያይ «ዛሬ እንኳ ልጁ ይሥራልኝ፣ ወንበሩ አዲስ ነው» አለ። ጭንቅላቱን ወንበር ሥር ቀብሮ ያሸተተው ሰው ነው እንግዲህ።

ሌላም ነገር አለ፣ ሳቂበት ወይም አልቅሺበት። ቄንጠኛውን ያዝኩት። «ለምንድን ነው ያን ዱቄት የመረጥከው? እንዳትነካው አላልኩህም?» አልኩት። የዱቄቱን ጣሳ አንሥቶ አንቺ በእጅሽ የጻፍሽበትን ፕላስተር አሳየኝ።

«ይኸው አክስታችን ‹ሱፍ ላይ ይለቃል› ብላ ጽፋለች። ልቀቅ ብዬ ነከርኩት።»

«ይለቃል ያለችው ቀለሙ ነው! ሱፍ ላይ ቀለም ያስለቅቃል፣ አትንኩ ነው ያለችህ።»

«እኔ እድፉ ይለቃል መስሎኝ» አለ። ከዚያ ሣቀ። «ያም ሆነ ይህ ለቋል።»

አጎቴ በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። እሳቸውም ሣቁ። ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር፣ ነገሩ ያስቃል። ነገር ግን አሁን ሦስታችንም በአንድ ክፍል ውስጥ ማን እንደነከረው፣ ለምን እንደነከረው እያወቅን፣ ውጭ ስንወጣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

አክስቴ፣ ስለ ምንጣፉ ሙሉ ገጽ ጻፍሽልኝ። ስለ እኔ አንድ መስመር አልጻፍሽም። ወንድምሽ ምን ብለው ደወሉልሽ? «ብዙ አወራን» ያልሽው ብዙ ምን ነበር?

የእህትሽ ልጅ


ታኅሣሥ 24

እሾኼ፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ ቁጣሽም አይጉደል፣ ቁጣ የሌለው ሰው ጨው የሌለው ወጥ ነው። ደብዳቤሽን ይዤ ሰነበትኩ። ልጽፍ እቀመጥና እነሣለሁ።

ወንድምዓለም ምን እንዳለኝ ልንገርሽ። «ልጂቱ አሳስታ የመኪናውን ዱቄት መረጠች። ሳታስተውል ነውና አትቆጫት» አለኝ። እኔም ካንቺ ደብዳቤ ይልቅ እሱን አመንኩት። ስለ አንቺ ያልጻፍኩት ለዚህ ነው፤ ላሳፍርሽ አልፈለግሁም። ነጭ ጨርቅ ሳታስነካ ምንጣፍ የማታረጥብ ልጅ እንዴት እንዲህ ያለ ስህተት ትሠራለች ብዬ ልጠይቅ ይገባኝ ነበር። የእሱን ድምፅ ስሰማ ግን ያ ጥያቄ ከአፌ አይወጣም።

ቃሉን ሳነብ ሣቅሁም፣ ተቃጠልኩም። ፕላስተሩ አጭር ነበር፤ የቀረውን ልባችሁ ያውቀዋል ብዬ ቆረጥኩት። በእኛ አነጋገር ቀለምም ይለቃል፣ እድፍም ይለቃል፣ ተከራይም ቤት ይለቃል። እኔ ስጽፈው ማስፈራሪያ ነበር፣ ቄንጠኛው ዘንድ ሲደርስ ምርቃት ሆነ። አሁን በሁሉም ላይ ትልቅ ፕላስተር እለጥፋለሁ።

ፎቶሽን ለአለቃዬ አሳየኋት። እሷ ስንት ቤት ያየች፣ በቀላሉ የማትደነቅ ሴት ናት። «ማን ሠራው?» አለችኝ። «የእህቴ ልጅ» አልኳት። ያቺን ጉንጯ የቀላ ቅጠል ለማግኘት መነጽሯን አውጥታ አደረገች፤ አላገኘቻትም፣ እኔ ነኝ ያሳየኋት። «ከፍተኛ ሙያ ነው» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ብሆን ያን ምንጣፍ እንደዚያ አላድነውም ነበር፤ ትዕግሥቴ ከጉልበቴ ጋር አልቋል።

አሁን የምልሽን በእርጋታ ስሚኝ። ጥፋቱ የእኔ ይሁን። ለወንድምዓለም ደውዬ፣ «ለሴትዮዋ እህቴ የጻፈችው ቃል አሳስቶን ነው በላት» ብዬዋለሁ። እኔ ሩቅ ነኝ፣ ሐሜቱ አይደርሰኝም። ልጁም ፊቱ አይጠቁርም፣ አንቺም ነፃ ትወጫለሽ። የቀረውን ሆድ ይፍጀው። ወንድምዓለም አባታችን ሲሞት የራሱን ትምህርት ጥሎ እኔንና እናትሽን ያስተማረ ሰው ነው። «ዋሽተሃል» ልለው ስልኩን ይዤ ቆሜ ነበር። አፌ አልፈታ አለኝ። የጠየቅሁት ስለ ጉልበቱ ነው።

አንድ ማሽን አይቼልሻለሁ። ሻንጣ የሚያክል፣ ውሃውን ረጭቶ ወዲያው መልሶ የሚመጥ። ለሶፋና ለመኪና ወንበር እሱን የሚያህል የለም። ልልክልሽ ነው። ይህን ነገር ብቻ ተዪልኝ።

አክስትሽ


ጥር 15

አክስቴ፣

የዋልሽበት ይቅናሽ፤ ደክሞሽ የገባሽበት ቤት ይሙቅሽ።

ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ አለቀስኩ። የሰውን ጥፋት እንደ ከባድ ዕቃ ተቀብሎ «እኔ ልያዝልሽ» የሚል ሰው ከአንቺ በቀር አላየሁም። ለአለቃሽ ያቺን ቅጠል ራስሽ ማሳየትሽን ደግሞ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም። ሌላ ሰው ቢሆን ይደብቃት ነበር። እኔ ላንቺ ያለኝ ክብር ሁሉ እዚያ መስመር ላይ ነው ያለው። ስለዚህም ነው ያቀረብሽልኝን የማልቀበለው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። አጎቴ ጠሩኝና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። ቄንጠኛው ለደንበኛ የደረቀ ሶፋ ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል።

«አክስትሽ ጥፋቱን ወስዳለች፤ አለቀ ደቀቀ» አሉኝ። «ለሴትዮዋ ‹አክስቷ የጻፈችውን አሳስታ አንብባ ነው› እላታለሁ። ትስቃለች፣ ያልፋል።»

«አሳስቶ ያነበበው ማን ነው?»

«ያው አንቺ ነሻ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ቃሉ ነው ያሳሳተው ተብሏል እኮ።»

«ልዩነቱማ እኔ አልተሳሳትኩም። እርስዎም ቆመው አይተዋል።»

«እናትሽ አንድም ቀን እንዲህ መልሳልኝ አታውቅም።»

«እናቴንስ እንዲህ ብለዋት ያውቃሉ?»

ፊታቸውን አዞሩብኝ። ቄንጠኛው እግሩን አወረደ። «አባዬ፣ በቃ እኔ ነኝ ልበላት?» አለ፤ የቀልድም የእውነትም በሚመስል ድምፅ። አጎቴ ፊታቸውን ሳይመልሱ «አንተ ዝም በል» አሉት። መልሶ እግሩን አነባበረ።

እዚያ ጋ ነው የቆረጥኩት። ልጁ እውነቱን ሊናገር ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ወደ ኋላ የጎተቱት እሳቸው ናቸው። እኔ ዝም ባልኩ ቁጥር እሱም ዝም ማለትን ይማራል፤ አንቺም ስለ ጉልበት ትጠይቂያለሽ፤ እንዲህ እያልን ሁላችንም እያወቅን ማንም ምንም የማያውቅ ይሆናል።

ቁልፉን አላነሣሁም። ወጥቼ በቀጥታ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄድኩ። ሰው እስኪቀል ቆሜ ጠብቄ ለሴትዮዋ ነገርኳት፦ ማን እንደመረጠ፣ ማን እንደነከረ፣ ማን እንዳየ። አንድ ክፉ ቃል አልጨመርኩም፤ አንድ ቃልም አላስቀረሁም።

«ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ።

«የሚናገሩት ያሳደጉኝ ሰው ነበሩ።»

የያዘችውን ብልቃጥ መደርደሪያው ላይ መልሳ አስተካከለችው። «እዚህ ቤት የተሳሳተ መድኃኒት ቢወጣ ማን እንዳወጣው ማወቅ አለብኝ። አለዚያ ነገም የሚያወጣው ያው እጅ ነው» አለች። ከዚያ ምንም እንዳልሰማ ሰው ስለ ሶፋዋ ማውራት ጀመረች። ልጆቿ የብርቱካን ጭማቂ አፍስሰውበት፣ እሷ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ፈትጋው፣ አሁን ከእድፉ የሳሙናው ክብ ይበልጣል። «ነይና እዪልኝ። ዕቃውን አንቺው ምረጪ።»

ሄድኩ። ከመቀመጫው ሥር የተሰፋውን ምልክት ፈልጌ አነበብኩ፣ ውሃ የሚችል ሰው ሠራሽ ክር ነው። ከጀርባ በኩል በነጭ ጨርቅ ሞከርኩት፤ ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ምንም ዕቃ ከመጨመሬ በፊት የእሷን ሳሙና በንጹሕ ውሃ አወጣሁት፣ አንቺ እንዳልሽው ነው፣ የባሰው ያልተለቀለቀው ነበር። ለጭማቂው አረፋ የሚቀንሰውን ረጋ ያለ ሻምፑ መረጥኩ። ሲደርቅ ክቡም ጭማቂውም የለም። ሴትዮዋ ሶፋው ላይ ተቀመጠችና የበኩር ልጇን ጠርታ፣ «ይህች ናት የአያታችሁን ምንጣፍ ያዳነችው። ያበላሸው ሌላ ሰው ነው» አለችው። ልጁ ግድም አልሰጠው፣ ብስኩት ይዞ ሊቀመጥ ነው የመጣው። እኔ ግን ዕቃዬን የምሰበስብ መስዬ ጎንበስ አልኩ።

ወሬው አጎቴ ዘንድ ሳልመለስ ደረሰ። «ሄደሽ ተናገርሽብኝ» አሉኝ።

«ስለ ራሴ ነው የተናገርኩት።»

«እኔን ሳትነኪ ስለ ራስሽ መናገር አትችዪም ነበር?»

«እርስዎስ እኔን ሳይነኩ ልጅዎን ማዳን አይችሉም ነበር?» አልኳቸው።

አሁን የምኖረው ከትምህርት ቤት ጓደኛዬ ጋር ነው። ዕቃዎቼን በአንድ ትልቅ ቦርሳ ይዤ ሰው ቤትና መኪና ድረስ እሄዳለሁ። ያ ሾፌርም ወሬው ደርሶት አንድ ቀን ከመንገድ ጠራኝና «ቤቱ ነው የተለወጠው ወይስ አንቺ?» አለኝ፤ «እኔ ያው ነኝ፣ ያልታወቅሁት አንተ ዘንድ ነው» አልኩት። ጫማውን አውልቆ መኪናውን ከፈተልኝ። አጎቴን አልሸሸኋቸውም። አንቱታዬን አልቀነስኩባቸውም። ባለፈው ጉልበታቸው ብሶባቸው ሄጄ አሸሁላቸው፤ ስለ ሌላ ነገር አላወራንም፣ ስወጣ ግን በሩ ድረስ ሸኙኝ። እሳቸው ለሰው ሸኝተው አያውቁም።

ማሽኑን በተመለከተ፦ ለዝምታዬ ከሆነ አትላኪው። ለእጄ ከሆነ ግን ላኪው፣ አጠገቡ እንደ ሙሽራ እተኛለሁ። ለወንድምሽም አንድ ቀን ስትደውዪ ከጉልበታቸው ቀጥሎ እኔን ጠይቂያቸው። አፍሽ ካልተፈታ አልፈርድብሽም። እንዲሞክር ግን እፈልጋለሁ።

ያሳደጉኝን አልክድም። ያበሉኝን፣ ያስተማሩኝን፣ ታምሜ ያደሩልኝን አልክድም፤ ስጠየቅም ሳልጠየቅም እመሰክራለሁ። ከእንግዲህ ግን ያን ውለታ በሐሰት መክፈል አልቀበልም። ሌላ ሰው ባጠፋው የእኔ ስም እንዲነሣ አልቀበልም፤ አንቺም በፍቅርሽ ብዛት ስሜን በስምሽ እንድትሸፍኚልኝ አልቀበልም። ስድብ እንኳ ቢሆን ልታገሠው እችል ይሆናል። ያላበላሸሁትን አስተካከለች ተብዬ፣ ትከሻዬን መታ መታ እየተደረግሁ መመስገንን ግን ከዛሬ ጀምሮ ከማንም አልቀበልም።